ጂዳን ያልፈራች ሱቅ ለምን ትፈራለች?

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ለሴቶች በተዘጋጀ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ጎበዝ ነው፤ ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል። «እችላለሁ በሉ!» ይላል፤ ሴቶቹ «እችላለሁ!» ይላሉ። አልረካም፤ እንደገና ያስብላቸዋል። አጠገቤ የነበሩት እናት ሻሻቸውን አጥብቀው ከሌላው እኩል ጮኹ። ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ መቻሉንስ ድሮም እችላለሁ። ዋስ ነው ያጣሁት» አሉኝ። ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም መሸጥ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ሴቶች ለምን የራሳቸውን ሥራ እንደማይጀምሩ በተጠየቀ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው መልስ «በራስ የመተማመን ችግር» ነው። «የአመለካከት ችግር» ይከተላል። መድኃኒቱም ሥልጠና ነው፤ የሁለት ቀን፣ አበል ያለው፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬት የሚታደልበት። እኔ ችግሩ የለም አልልም። ያለበትን ቦታ ግን ስተናል ባይ ነኝ። የወሎ ሴት ድፍረት አላት፤ የሚሰበረው አንድ የታወቀ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ደረጃውን ትተን ሴቲቱን ስንጠግን ዓመታት አለፉ።

እስቲ ከጂዳ እንጀምር። ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከሐብሩ ስንት ልጅ ወጥታለች? ወይ እህት ወይ ልጅ ወይ የአጎት ልጅ ዓረብ አገር የሌላትን ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ገሚሶቹ በቦሌ ወጥተዋል፤ ገሚሶቹ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከጅቡቲ በጀልባ ተሳፍረው የመን ገብተዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሰነድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ ያላነሱ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከነዚያ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ዓመት ሳይሞላቸው መንገዱን እንደገና የጀመሩትም ጥቂት አልነበሩም።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ ፓስፖርቷን ለማታውቀው ሰው አስረክባ፣ የሰው ቤት ገብታ ሁለትና ሦስት ዓመት ትኖራለች። ይህችው ልጅ መርሳ ወይም ሐርቡ ላይ አንዲት ሱቅ መክፈት ፈራች ሲባል፣ ፈራች የሚለው ቃል ትክክለኛው ቃል መሆኑን መጠርጠር አለብን።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። የጂዳ መንገድ የታወቀ ነው። የደላላው ዋጋ ይታወቃል፤ የወር ደሞዙ በሪያል ይታወቃል፤ ቀድማ የሄደችው ጎረቤት ስልኳ አለ። ገንዘቡን አባት በሬ ሸጦ፣ አጎት አበድሮ ያሟላል። ሳይሳካላት ብትመለስ «ዕድሏ ነው» ይባላል እንጂ «ምን አውቃ ነው» አትባልም። ሱቅ ልክፈት ያለች ቀን ግን ያው አባት ያንኑ በሬ አይሸጥም። በሬው ለመሄድ ይሸጣል፤ ለመቆየት አይሸጥም። ሱቁ ቢከስር የሚጠየቀው ዕድሏ ሳይሆን እሷ ናት፤ ያውም በየቡናው፣ ለዓመታት።

ሐይቅ ያገኘኋት አንዲት ተመላሽ ሰባት ዓመት ሠርታለች። በየወሩ የላከችው ብር ቤት ሆኗል። ቤቱ ግን በወንድሟ ስም ነው፤ ያኔ እሷ እዚህ አልነበረችም፣ ካርታ ለማውጣት ደግሞ በአካል መገኘት ነበረባት፣ ወንድሟ ነበረ። ልብስ ስፌት ለመጀመር ብድር ስትጠይቅ «መያዣ?» ተባለች። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። «ባንክ ቢወስደው እናታችንን የት እናደርጋታለን?» አላት። ጥያቄው ልክ ነው፤ መልስም አላገኘችለትም። አሁን የሰው ሱቅ ተቀጥራ ትሸጣለች። ይህችን ልጅ «እችላለሁ በዪ» ብትሏት ትላለች፤ በሁለት ቋንቋ ትላለች።

መቼም ወሎ ውስጥ ሴት ስትመራ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጠው ምኒልክ እጇ ሲገባ ልቀቀው ወይስ ላስይዘው የሚለውን የወሰነችው የወሎዋ ወርቂት ናት፤ ያውም ልጇ በቴዎድሮስ እጅ እያለ። ለቀቀችው፤ ውሳኔዋም ልጇን አስከፍሏታል። ነገር ግን ስለ ወሎ ሴት የተዘፈነውን ብንሰበስበው ስለ ዓይኗ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አንገቷ ነው። ስለ ሒሳብ ችሎታዋ አንድም አልሰማሁም። (የሰማ ካለ ይንገረኝ፤ ከምሬ ነው።)

የበሩ ጀርባ መዝገብ

አክስቴ ቀሪቦ ትሸጥ ነበር። ገብሱን እስኪጠቁር ቆልታ፣ አፍልታ፣ ስኳርና እርሾ ጨምራ ታሳድረዋለች፤ ጠዋት በጀሪካን ወደ መናኸሪያው ይሄዳል፣ የቀረው ቤት ይሸጣል። የዱቤ መዝገቧ የጓዳው በር ጀርባ ነው። በከሰል ታሰምራለች፤ አንድ ብርጭቆ አንድ መስመር፣ አምስት ሲሞላ አግድም ትሰርዘዋለች። ፊደል አልቆጠረችም፣ ስለዚህ ለሾፌሩ ክብ፣ ለመምህሩ ሦስት ነጥብ፣ ለዘበኛው ዱላ የመሰለ ነገር ትሥልለታለች። አንድ ዓመት ለዒድ ቤቱ ሲታደስ የአጎቴ ልጅ በሩን ቀለም ቀባው። የአንድ ወር ዱቤ ከቀለሙ ሥር ቀረ። አክስቴ ልጁን አልተቆጣችም። ማታ አስቀምጣኝ ከነስሙ ከነቁጥሩ በቃሏ አስጻፈችኝ። በኋላ ሲከፈል ያከራከራት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ዘበኛው፣ እሱም ራሱ ረስቶት ነበር።

ይህችን ሴት አንድ ቀን ንግድ ፈቃድ ለምን አታወጪም ብላት፣ «እኔ ምን ነጋዴ ነኝ? ለጨው ለበርበሬ ያህል ነው» አለችኝ።

ይህን ንግግር ባቲ የሰኞ ገበያ ላይም ትሰሙታላችሁ። አፋሩ ግመልና ፍየል ይዞ ይወርዳል፣ ደገኛው እህል ይዞ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛል፤ በዚያ ሁሉ መሐል በየረድፉ የተቀመጠችው፣ በጣሳ የምትሰፍረው፣ በሦስት ቋንቋ የምትከራከረው ሴት ናት። ነጋዴ ማን ነው ብትሉ ግን ጣቷ መጋዘን ወዳለው ሰውዬ ይጠቁማል። «እኔ እንዲያው ለመዋያ ነው» ትላለች።

ይህ ራስን ማሳነስ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም፤ ብልሃት አለበት። ትንሽ የተባለ ነገር ግብር ሰብሳቢ አያየውም፤ ዓይን አይበላውም፤ የሚበደር ዘመድ አይመጣበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባል አይቆጥረውም። ብዙ ሴቶች በግልጽ የማይናገሩት፣ ቡና ላይ ግን የሚነጋገሩት ነገር አለ፦ የሴቲቱ ገቢ በዓይን የሚታይ ሲሆን የባልየው የቤት ወጪ ይቀንሳል። መጀመሪያ የልጆች ደብተር፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ቀጥሎ የቤት ኪራይ ወደሷ ይዞራል። ስለዚህ ሥራዋ ቢያድግ ለትርፍ ሳይሆን ለተጨማሪ ወጪ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ለመዋያ ነው» የምትል ሴት የምትሠራውን አታውቅም ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ድፍረቱ የሚሰበረው ከጉሊት ወደ ሱቅ በሚወስደው ደረጃ ላይ ነው። ጉሊቷ ላይ ያለችው ሴት አደጋዋ የዚያ ቀን ዕቃዋ ነው፤ ቢበላሽ ነገ በዱቤ ትነሣለች። ሱቅ ስትል ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይመጣል። አከራይ የስድስት ወር፣ ሲብስም የዓመት ኪራይ ቅድሚያ ይጠይቃል። ቲን ቁጥር፣ ንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል፣ ሚዛን፣ መደርደሪያ። አንዲት ሽሮና በርበሬ ለሸጠች ሴት ይህ ሁሉ ብር የሚወጣው አንድ ኪሎ ሳትሸጥ ነው። በዚያ ላይ ግብር አለ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ በየሰፈሩ የተነሣውን ዋይታ ያስታወሰ ሰው፣ ትንንሽ ነጋዴ ግምት የሚባለውን ቃል ለምን እንደሚሸሽ አይጠፋውም። ሴቲቱ የምትፈራው ግብሩን መክፈል አይደለም፤ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አለማወቋ ነው። ጂዳ ላይ ሁሉም ነገር ይታወቅ ነበር።

ፊርማው የማን ነው?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ረጅም ዘመን ተረት ብቻ አልነበረም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ፣ የጋራ ሀብቱንም አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር። ያ የተቀየረው በ1992 በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የአማራ ክልል የራሱን በ1995 አወጣ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ሕጉ ቀድሞ የተተገበረባቸውን አካባቢዎች ካልተተገበረባቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ቀድሞ በተለወጠበት ቦታ ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ሙሉ ጊዜና የተሻለ ክህሎት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የመሰማራት ዕድላቸው ጨምሮ አግኝተውታል። ለነዚያ ሴቶች «እችላለሁ በሉ» ያላቸው አልነበረም። የተለወጠው ወረቀት ነው፤ ድፍረቱ ወረቀቱን ተከትሎ መጣ። ስለ በራስ መተማመን ከተጻፈው ሁሉ ለኔ ይህ ይበልጥብኛል።

ሕጉ ግን ወደ ባንክ መስኮት ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል። በፌዴራሉ ሕግ ባልና ሚስት የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለማስያዝ፣ ሌላው ቀርቶ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነው፤ እሱም ያለሷ አይችልም። ኑሮው ግን እኩል አይደለም። እሱ ሲበደር «ነይ ፈርሚ» ይላታል፤ ትፈርማለች። እሷ ስትበደር ግን ፊርማውን ለማግኘት ሳምንት ሙሉ ታስረዳለች፣ አማላጅ ትልካለች፣ ምን ያህል እንደምታተርፍ አስቀድማ ትምላለች። እዚህ ላይ የምትደክም ሴት ብዙ ናት፤ በፋይሏ ላይ የሚጻፈው ግን «ፍላጎት የላትም» ነው።

መሬቱና ቤቱ ሳይነካ በላምና በማሽን መበደር እንዲቻል የሚፈቅድ አዋጅ አለ፤ በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው ቁጥር 1147/2011። በጎ ሕግ ነው። እስካሁን ካነጋገርኳቸው ነጋዴ ሴቶች መካከል ግን ሰምቼዋለሁ ያለችኝ አላጋጠመችኝም። የሚያውቁት አብቁተን ነው። በ1989 ፈቃድ አግኝቶ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለገጠሯ ሴት ያለ መያዣ የመጀመሪያውን ብር ያሳየ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ዋስትናው የቡድን ነበር፤ አንዷ ብትቀር ሌሎቹ ይከፍላሉ። ይህ አሠራር ብዙ ሴት አንሥቷል፤ ጉርብትናም አበላሽቷል። ያልከፈለችውን ባልደረባቸውን ፍለጋ በማለዳ በሯን ያንኳኩ ሴቶች ሁለተኛ ቡድን ግቡ ሲባሉ ለምን እንደሚያመነቱ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ብድሩም ቢሆን ለአንድ በግ፣ ለጥቂት ዶሮ ይበቃል እንጂ ለሱቅ ኪራይ ቅድሚያ አይበቃም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ወሎን ወሎ የሚያደርገው ነገር አለ። በ1999ኙ ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከአሥሩ ሰባቱ ሙስሊም ነው። ለብዙ ሙስሊም ሴት ወለድ ያለበት ብድር ሐራም ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ብድር ቀርቦላት «አልፈልግም» ያለችን ሴት ፈሪ ብሎ መመዝገብ እምነቷን ፍርሃት ማለት ነው። ይህ ስሕተት በወሎ ለብዙ ዓመት ተሠርቷል። ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ሂጅራ ተከተለ፤ ሌሎቹም ባንኮች መስኮት ከፍተዋል። ሙራባሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ ማሽኑን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላታል። ሴቲቱን ከወለዱ ያድናታል። መያዣውን ግን እዚያም ይጠይቋታል። የሰኞ ገበያዋ እናት ችግር አሁንም ዋስ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ሥልጠና ከንቱ ነው ብል ግን ውሸታም እሆናለሁ። የማይመቸኝ ማስረጃ አለ።

ምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 አጥኚዎች ለገበሬዎች ፊልም አሳዩ። ፊልሙ ውስጥ ታዋቂ ሰው የለም፤ እንደነሱ ከባዶ ተነሥተው በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን የለወጡ የአካባቢ ሰዎች ናቸው የሚናገሩት፤ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ የሆኑ አራት ታሪኮች። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ካላዩት ይልቅ የሚቆጥቡና የሚበደሩ፣ ልጆቻቸውንም የበለጠ ትምህርት ቤት የሚልኩ ሆነው ተገኙ። ገንዘብ አልተሰጣቸውም። ያዩት ሰው ብቻ ነው፤ እነሱን የመሰለ ሰው።

ሌላው ከቶጎ ነው። ሎሜ ከተማ ውስጥ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ክፍል የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የገበያ ትምህርት ወሰደ፤ ሁለተኛው በራስ ተነሳሽነት ላይ ያተኮረ ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት የተነሳሽነቱ ሥልጠና ትርፍን በ30 በመቶ አሳድጎ ተገኘ፤ የሴቶቹ ደግሞ 40 በመቶ ደረሰ። የሒሳብ አያያዙ ትምህርት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እኔ ራሴ ይህን ሳነብ ተናድጄ ነበር፤ ክርክሬን ያፈርስብኛል ብዬ።

ቀረብ ብሎ ላየው ግን አያፈርሰውም። በዚያ ሥልጠና ውስጥ መፈክር የለም። ሠልጣኟ ከጎረቤቷ የተለየ ምን ልትሸጥ እንደምትችል እያሰበች ታወጣለች፤ ደንበኛዋን ምን እንደጎደለ ትጠይቃለች፤ ዕቃ ያልመጣ እንደሆን፣ ገዢ ያልከፈለ እንደሆን ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ትዘጋጃለች። አሠልጣኙም ሱቋ ድረስ እየሄደ ይከታተላታል። ይህ ልምምድ ነው፤ እንደ ሊጥ ማቡካት ነው። የኛ ከተሞች ደግሞ ይህ በጣም ይጎድላቸዋል። ኮምቦልቻ ላይ አንዷ ጀበና ቡና ከጀመረች በአጠገቧ አምስት ይደረደራሉ፤ ሁሉም ያው ስኒ፣ ያው ቄጠማ፣ ያው ፈንድሻ። አምስቱም የሚካፈሉት ያንኑ ደንበኛ ነው። የታየውን መድገም አስተማማኝ ይመስላል፤ የታወቀ መንገድ ነዋ፣ ልክ እንደ ጂዳው።

ሦስተኛው ማስረጃ እዚሁ አገር ያለ ነው፤ ለኮምቦልቻ በጣም ይቀርባል። ፋብሪካ ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በዕጣ ተከፋፈሉ፦ ገሚሱ የፋብሪካውን ሥራ አገኘ፣ ገሚሱ ወደ 300 ዶላር የሚሆን ገንዘብና አጭር ሥልጠና አግኝቶ የራሱን ሥራ ጀመረ፣ ሌላው ምንም አላገኘም። በዓመቱ ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው ሲሶ ያህል አደገ፤ ፋብሪካ የገቡት ሰዎች ገቢ ያን ያህል አልተለወጠም፣ ጤናቸው ግን ተጎድቶ ተገኘ። ጥሩ ዜና ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አጥኚዎቹ ተመልሰው ሲጠይቁ ልዩነቱ ጠፍቷል። ማለትም መጀመሩ ብቻውን በቂ አልሆነም። እኛ ዘንድ የሚቆጠረው ግን ስንት ሴት ጀመረች የሚለው ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ስንቷ አለች ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርት አይቼ አላውቅም።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴት በር ላይ ተሰልፋለች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በጥር 2022 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚያስገባው የአጎዋ በር ተዘጋ። ሥራ ያጡት ልጆች ስፌት ያውቃሉ ተብሎ ልብስ ስፌት እንዲከፍቱ ይመከሩ ነበር። አንዷ ስትነግረኝ፣ «እጅጌ እሰፋለሁ። ሁለት ዓመት የሰፋሁት እጅጌ ነው። ሙሉ ሸሚዝ ቆርጬ አላውቅም» አለች። የፋብሪካ መስመር እንዲህ ነው፤ እጅ ያፈጥናል፣ ሙያ አይሰጥም። ይህችን ልጅ የሚያስፈልጋት ሙሉ ልብስ ቆርጦ የሚያሳያት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሦስት ወር መቀመጥ ነበር። የሰጧት ግን የንግድ ዕቅድ አጻጻፍ ነው።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልጽፍም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ያዩትን ያየ ያውቀዋል። ሱቅ የነበራቸው ሲመለሱ ባዶ መደርደሪያ አገኙ፤ ማሽኑ፣ ፍሪጁ፣ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩ ሳይቀር ሄዷል። ጉሊት ላይ የነበረችው ግን በሳምንቱ ሽንኩርቷን ይዛ ወጣች። ሱቅ መክፈት ማለት የሚዘረፍ ነገር መያዝ እንደሆነ ሴቶቹ በዓይናቸው አይተዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፣ ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ ነበር፣ በሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ የዕቃው ዋጋ ሌላ ሆነ። 66ንና 77ን ያሳለፈች እናት ያሳደገቻት ልጅ በዚህ ሁሉ መሐል ያላትን ጥሪት አንድ ቦታ ባታፈስስ፣ ስሌቷ ላይ ስሕተት ማግኘት አልቻልኩም።

ታዲያ ድፍረቱ በምን ይጠገን? እኔ የማየው እጃችን ላይ ካሉት ነገሮች ነው። እቁብ አለ። ሴቶች አንደኛ ዕጣ ለማግኘት ሲለምኑ፣ ዕጣ ሲገዛዙ አይቻለሁ፤ የሱቅ ቅድሚያ የሚሞላው ከዚያ ነው፣ ወለድም የለበትም። ቅሬ አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ማን በወቅቱ እንደሚከፍል፣ ማን ቃሉን እንደሚያጥፍ ከማንኛውም ባንክ በተሻለ ያውቃል። ሰኞ ገበያ ያሉት እናት ለሃያ ዓመት የቅሬ መዋጮ አንድም ወር አላሳለፉም። ያ መዝገብ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም ኖሮት ተቀምጧል። አበዳሪ ተቋም ያን ደብተር እንደ ዋስትና ባይቀበለው እንኳ እንደ ምስክር ቢያነበው ምን ይከለክለዋል? ወደ ገንዘብ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ከተማ አስተዳደሮች የሚሠሩትን ሼድ ያለ ቅድሚያ፣ በየወሩ በሚከፈል ኪራይ፣ መጀመሪያ ጉሊት ላይ ዓመታት ለቆየችው ቢሰጡ አንዱ እርከን ይቀንሳል። አሁን ብዙ ጊዜ ሼድ የሚያገኘው መደራጀት የሚችልና ወረቀት የሚያውቅ ነው፤ ጉሊቷ ደግሞ መንገድ ሲሰፋ የምትነሣ ናት። አዲስ የምትጀምረውን ልጅ ከአሠልጣኝ ይልቅ አሥር ዓመት ከሠራች ነጋዴ ጎን ማስቀመጥም ብዙ ወጪ የለውም። የዶባዎቹ ሰዎች ያዩት ይህንኑ ነው፣ እሱም በፊልም።

ባለፈው ጾም መግቢያ ሸዋ በር አካባቢ ለምግብ ቤቶች እንጀራ የምታቀርብ ሴት ቤት ሄጄ ነበር። ትርፍ አይታየኝም ትላለች። ምጣዱ ግሏል፣ ልጇ ጎመን ዘር ታሻለች፣ እኔ ደብተር ይዣለሁ። የዚያን ቀን ያወጣችው 70 ነው። 52ቱ ተሸጠ። አራቱ ዓይን አላወጣም፣ ሁለቱ ከምጣዱ ሲነሡ ተቀደዱ። ሦስት ለቅሶ ቤት ሄደ። ዘጠኙን የቤቱ ሰው በላ። ጤፉን፣ የወፍጮውን፣ የመብራቱን ጽፋለች፤ ዘጠኙን እንጀራ አልጻፈችም። በየቀኑ ዘጠኝ እንጀራ ቤተሰቧን ትመግባለች፣ በደብተሯ ላይ ግን ያ ሁሉ ኪሳራ ሆኖ ነው የሚታየው።

«እሱማ ሊቆጠር ነው?» አለች፤ ልጇ ሳቀች። ከዚያ ራሷ እስክሪብቶውን ወሰደችና ጻፈችው። ቀጥሎ ጉልበትሽ አልተጻፈም አልኳት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ረፋድ አራት ሰዓት ምጣዱ ፊት ትቆማለች። ስንት ልበል አለችኝ። ሌላ ሰው ብትቀጥሪ የምትከፍዪውን አልኳት። አሰበችበት፤ አክንባሎውን ከደነችና በጥርጣሬ አየችኝ።

«ለመሆኑ ያንቺ የቀንሽ ዋጋ ስንት ነው?»

ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። እሷም እስክመልስ አልጠበቀችም፤ እንጀራው እንዳያርርባት ወደ ምጣዱ ዞረች።